ሮምን በአንድ ቀን፣ በእግር፣ ለብቻ

ሮም ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ። ጠዋት ቫቲካን፣ ቀትር ላይ ኮሎሲየም፣ ማታ የትሬቪ ፏፏቴ ብሎ ያቀደ ሰው ቀኑን በሰልፍና በአውቶቡስ ነው የሚጨርሰው። የእኔ ምክር ሌላ ነው። ወደ ኋላ የማይመልስ አንድ የእግር መንገድ ያዙ። ሰዓቱ የተቆረጠ ቀጠሮ አንድ ብቻ ይኑራችሁ። ሌላውን ሁሉ በመንገዳችሁ ላይ ታገኙታላችሁ።

መንገዱ ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ይነሳና አበበ ቢቂላ በ1960 በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈበት ቦታ አጠገብ ያበቃል። የመረጥኩትም ለዚህ ነው። አስጎብኚዎች ስለ ቄሣሮችና ስለ ጳጳሳት ይነግሯችኋል። እኛ ግን ከዚህች ከተማ ጋር ሌላም ጉዳይ አለን። ዶጋሊም፣ ዓድዋም፣ የአክሱም ሐውልትም፣ ዓባይም በጎዳናዎቿ ላይ አሉ። የት እንዳሉ ካላወቃችሁ አጠገባቸው አልፋችሁ ትሄዳላችሁ።

ቀኖቹንና ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ። ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር አድርጌ፣ ቲኬት ላይ የምታዩትን በቅንፍ አስገብቻለሁ። ቲኬት ላይ 15:30 ካለ ስድስት ቀንሱ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት

መጀመሪያ የኮሎሲየምን ቲኬት ግዙ። የሚሸጠው በራሱ በኮሎሲየም አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ ነው። መደበኛው ቲኬት 18 ዩሮ ሲሆን፣ የሮማውያን ፎረም የሚባለውን የጥንቱን የከተማ ማዕከልና የፓላቲን ኮረብታን ይጨምራል። ሽያጩ የሚከፈተው ከጉብኝቱ ቀን 30 ቀን በፊት ነው። በቱሪስት ወቅት ቶሎ ያልቃል። ከደላላ ድረ ገጽ የገዛ ሰው ለዚያው ቲኬት እጥፍ ሊከፍል ይችላል። ስማችሁን ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ጻፉ። በሩ ላይ ያመሳክራሉ።

የመግቢያ ሰዓታችሁን 9፡30 (15:30) አድርጉ። በአውሮፓ ክረምት የምትሄዱ ከሆነ ግን ግቢው 10፡30 (16:30) ላይ ስለሚዘጋ ከቀኑ 7 ሰዓት (13:00) ያዙና ፎረሙን ከኮሎሲየም በኋላ እዩት። የወር የመጀመሪያው እሑድ መግቢያው ነጻ ነው። እኔ ግን አልመክረውም፤ ሕዝቡ ይበዛል፣ ለብቻው የመጣ ሰው ደግሞ ሰልፍ ላይ ቦታ የሚይዝለት የለም።

ወቅትን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። እኛ ዘንድ ክረምት ሲሆን እዚያ በጋ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሮም ትግላለች፤ ፎረሙ ውስጥ ደግሞ ጥላ እምብዛም የለም። ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ በሚያዝያና በግንቦት ወይም በመስከረምና በጥቅምት ሂዱ።

ጫማ ላይ አትቆጥቡ። የመሃል ከተማው መንገድ አብዛኛው ኮብልስቶን ነው፤ ድንጋዩ ወጣ ገባ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። የለመዳችሁትን ጫማ አድርጉ እንጂ ለጉዞ ብላችሁ አዲስ አትግዙ። ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። ለዚህ ቀለል ያለ ነጠላ የሚያክል ነገር የለም። ቦርሳ ውስጥ ቦታ አይይዝም፣ ለፀሐይም ለብርድም ይሆናል።

ስልካችሁ ላይ የሮምን ካርታ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጋችሁ አውርዱ። ፓወር ባንክ ያዙ። ብቻውን የሚሄድ ሰው ስልኩ ከጠፋ መንገዱም፣ ቲኬቱም፣ የሆቴሉ አድራሻም አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ የሆቴሉን ስምና የአንድ ዘመድ ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ በኪሳችሁ አኑሩ። ፓስፖርቱ ከውስጥ ኪስ ይሁን። ከጀርመን፣ ከስዊድን ወይም ከሌላ የአውሮፓ አገር የምትመጡ የመኖሪያ ፈቃዳችሁንም ያዙ፤ ፖሊስ መታወቂያ ሊጠይቅ ይችላል። ለማንኛውም አደጋ የሚደወለው 112 ነው።

1. ተርሚኒ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት (7:00)

ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ የምትመጡ ከሆነ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር በ32 ደቂቃ ተርሚኒ ያደርሳችኋል። ዋጋው 14 ዩሮ ነው። ሻንጣ ካላችሁ ጣቢያው ውስጥ የሻንጣ ማስቀመጫ አለ። ሻንጣ እየጎተቱ ኮብልስቶን ላይ መዋል አይሆንም።

ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የኢጣሊያ ወታደሮች ናቸው። በየቀኑ ሻንጣውን እየጎተተ አደባባዩን የሚያቋርጠው ሕዝብ ይህን አያስታውስም። እናንተ ግን እወቁት።

ከአደባባዩ ወደ ፒያሳ ዴላ ሬፑብሊካ ስትሄዱ፣ የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ፣ በትንሽ መናፈሻ ውስጥ የግብጽ ሐውልት ታገኛላችሁ። የፈርዖን ራምሴስ 2ኛ ነው። ኢጣሊያውያን የዶጋሊ ሙታናቸው መታሰቢያ አደረጉት። በፋሺስት ዘመን ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የቆመው እዚሁ ሥር ነበር። ዘርዓይ ደረስ በ1938 ሰይፉን የመዘዘውም እዚሁ አጠገብ ነው። አንበሳው በ1960ዎቹ ተመልሶ ዛሬ ለገሃር ቆሟል። ቦታው አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ግን ቀኑን እዚህ መጀመር ለቀሪው ጉዞ ዓይን ይከፍታል።

ከዚያ ሬፑብሊካ ከሚባለው ጣቢያ ሜትሮ ሀ (A) መስመርን ያዙ። አንድ ፌርማታ ሄዳችሁ ባርቤሪኒ ላይ ውረዱ። ቲኬቱ 1.50 ዩሮ ነው። ወረቀት መግዛት አያስፈልግም፤ የባንክ ካርዳችሁን መግቢያው ላይ ብታስነኩ ይሠራል።

ኪስ አውላቂዎች በዚህ መስመርና በተርሚኒ ዙሪያ ይበዛሉ። አሠራራቸው ቀላል ነው። በሩ ሊዘጋ ሲል አንዱ ከፊት ይቆምባችኋል፣ ሌላው ከኋላ ይገፋል። ግርግር ባለበት በር ላይ አትቁሙ፤ ወደ ፉርጎው መሃል ግቡ። ቦርሳችሁን ወደ ደረታችሁ አዙሩ። ስልክ በኋላ ኪስ አይቀመጥም። የሚቀጥለው ባቡር በጥቂት ደቂቃ ይመጣልና የተጨናነቀውን መተው ይሻላል።

2. ትሬቪ፣ ሰው ሳይበዛ

ከባርቤሪኒ በእግር ሰባት ስምንት ደቂቃ ነው። ትሬቪን ከጠዋቱ 2 ሰዓት (8:00) በፊት ያያት ሰውና እኩለ ቀን ላይ ያያት ሰው አንድ ቦታ ያዩ አይመስሉም። እኩለ ቀን ላይ የምታዩት የሰው ጭንቅላት ነው። ጠዋት ግን የውሃው ድምፅ ገና ከመንገዱ ጫፍ ይሰማል።

ፏፏቴውን የነደፈው ኒኮላ ሳልቪ ሲሆን ሥራው ያለቀው በ1762 ነው። ውሃው ግን እጅግ የቆየ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ዓመት የተሠራው አኳ ቪርጎ የተባለ የውሃ መስመር ነው የሚያመጣው። ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ሳንቲም ይወረውራሉ። ሳንቲሙ ተሰብስቦ ካሪታስ ለተባለው የካቶሊክ በጎ አድራጎት ድርጅት ይሰጣል። ስለዚህ ብትወረውሩም ገንዘቡ ችግረኛ ዘንድ ይደርሳል።

ለብቻ የሄደ ሰው ትልቁ ችግር ፎቶ ነው። «ላንሳህ?» ብሎ ለሚመጣ ሰው ስልክ አትስጡ። ራሳችሁ ምረጡ። ልጆች የያዘ ቤተሰብ ወይም ጥሩ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው ፈልጉ። መጀመሪያ «እኔ ላንሳችሁ» በሏቸው። በደስታ ይሰጧችኋል፤ ከዚያ እናንተንም ተጠንቅቀው ያነሷችኋል።

ቁርስ እዚሁ አካባቢ ይሁን፤ ፏፏቴው ፊት ለፊት ባለው ቤት ግን አይሁን። ሁለት መንገድ ገባ በሉ። ሮማውያን ቡና የሚጠጡት ባንኮኒ ላይ ቆመው ነው። ቁጭ ካላችሁ ዋጋው ይጨምራል፤ አንዳንዴም ከእጥፍ ይበልጣል። ብዙ ቦታ መጀመሪያ ካሳ የሚባለው ገንዘብ ተቀባይ ጋ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ ደረሰኙን ለባሪስታው ታሳያላችሁ። ማኪያቶው ከአዲስ አበባው ያነሰ ወተት አለው። ወተት የምትወዱ ካፑቺኖ እዘዙ። ባንኮኒ ላይ ቆሞ መጠጣት ለብቻ ተጓዥ የተመቸ ነገር ነው። ማንም ለምን ብቻህን መጣህ አይልም፤ ሁሉም ብቻውን ነው የሚጠጣው።

ውሃ አትግዙ። ናዞኒ የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች በየመንገዱ አሉ። ከ1874 ጀምሮ የተተከሉ ሲሆን ውሃቸው ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው። አፉን በጣታችሁ ስትደፍኑት ውሃው ከላይ ባለው ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ይወጣል፤ በዚያ ትጠጣላችሁ። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከያዛችሁ ቀኑን ሙሉ ይበቃችኋል።

3. ፓንቴዮን፣ 3 ሰዓት (9:00) ሲከፈት

ከትሬቪ አሥር ደቂቃ ነው። መግቢያው 5 ዩሮ ነው። በሮም አንድ ሕንጻ ብቻ ግቡ ብባል ይህን ነው የምመርጠው፤ ከኮሎሲየምም በፊት።

በንጉሠ ነገሥት ሀድሪያን ዘመን፣ በ125 ዓ.ም. አካባቢ የተሠራ ነው። ግንባሩ ላይ የተጻፈው የአግሪጳ ስም ከዚያ በፊት እዚያው ከነበረው ሕንጻ የመጣ ነው። ከ609 ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ሆኗል፤ ሳይፈርስ የቆየውም ለዚህ ነው። ጉልላቱ ከዳር እስከ ዳር 43.3 ሜትር ነው። ከወለሉ እስከ ጣሪያው አናት ያለው ከፍታም ልክ ያንኑ ያህል ነው። ብረት የሌለበት ኮንክሪት ሆኖ ይኸው እስከ ዛሬ ቆሟል። ምሥጢሩ ክብደቱን ወደ ላይ እየቀነሱ መሥራታቸው ነው። ግድግዳው ወደ ላይ ይሳሳል፤ አናቱ ላይ ያለው ኮንክሪት ደግሞ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የገባበት ነው።

መሃሉ ላይ ዘጠኝ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ክፍት ቀዳዳ አለ። መስታወት የለውም። ዝናብ ሲዘንብ ወደ ውስጥ ይገባና ወለሉ ላይ ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይወርዳል። ፀሐይ ካለች የብርሃኑ ክብ ግድግዳው ላይ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ። አሥር ደቂቃ አንድ ቦታ ቁሙና ተከታተሉት። ከቡድን ጋር የመጡት ይህን ማድረግ አይችሉም፤ መሪያቸው ባንዲራውን ይዞ እየወጣ ነው።

ከዚያ መቃብሮቹን እዩ። ሠዓሊው ራፋኤል እዚህ ነው። የኢጣሊያ ነገሥታትም እዚህ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ኡምቤርቶ 1ኛ ነው። የውጫሌ ውል በ1889 ሲፈረም፣ በ1896 ጦሩ ዓድዋ ላይ ሲሸነፍ፣ ዙፋኑ ላይ የነበረው እሱ ነው። በ1900 ሞንዛ ላይ ተገደለ። የዓድዋን ታሪክ እየሰማ ያደገ ሰው እዚህ ድንጋይ ፊት ቆሞ ስሙን ሲያነብ የሚሰማው ስሜት አለ። ቦታው ጸሎት ቤት ነውና ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ግን ሳትቆሙ አትለፉ።

4. ማቴዎስና ዓባይ

ከፓንቴዮን ሦስት ደቂቃ ርቀት ላይ ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ የተባለ የፈረንሳውያን ቤተ ክርስቲያን አለ። መግቢያው ነጻ ነው። እኩለ ቀን ላይ ስለሚዘጋ ጠዋት መድረስ ይገባል። በግራ በኩል መጨረሻው ጸሎት ቤት ውስጥ ካራቫጆ የሣላቸው ሦስት የቅዱስ ማቴዎስ ሥዕሎች አሉ። ጨለማ ከሆነ ሳጥኑ ውስጥ ሳንቲም ጨምሩ፤ መብራቱ ይበራል። በስተቀኝ ያለው ሥዕል የሐዋርያውን ሰማዕትነት ያሳያል። ሠዓሊው በተከተለው የምዕራባውያን ትውፊት መሠረት ማቴዎስ የተገደለው ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በአንድ ንጉሥ ትእዛዝ ነው። እንዲህ ያለ ሥዕል ሌላ ቦታ በብዙ ዩሮ ነው የሚታየው።

ቀጥሎ ፒያሳ ናቮና። አደባባዩ የተራዘመው የዶሚቲያን ስታዲየም በነበረበት ላይ ስለተሠራ ነው። መሃል ላይ ያለው የበርኒኒ ፏፏቴ በ1651 አለቀ። አራት ወንዞች አራት ሰው ሆነው ተቀርጸዋል፤ ዳኑብ፣ ጋንጅስ፣ ሪዮ ዴ ላ ፕላታና ዓባይ። ዓባይን ለማግኘት ፊቱ በጨርቅ የተሸፈነውን ፈልጉ። ምንጩ ለአውሮፓውያን አልታወቀም ነበርና ነው ይባላል። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ቄስ ግን ግሽ ዓባይን በ1618 በዓይኑ አይቶ ነበር። የሰከላ ሰው ደግሞ ከእሱ በፊት ምንጩን ያውቀዋል፤ ይሳለመዋልም። ፏፏቴውን ዞራችሁ ከአራቱም በኩል እዩት። አደባባዩ ላይ ያሉት ምግብ ቤቶች ግን ውድ ናቸው፤ እለፏቸው።

እዚህና በትሬቪ አካባቢ አንድ ነገር ሊገጥማችሁ ይችላል። አንድ ሰው «ወንድሜ! እህቴ! አፍሪካ ከየት?» ብሎ ይጠጋችኋል። እጃችሁ ላይ የክር አምባር ያስርና ስጦታ ነው ይላል፤ ቀጥሎ ገንዘብ ይጠይቃል። ሰላምታውን በአክብሮት መልሱ፣ እጃችሁን አትዘርጉ፣ አትቁሙ።

5. ካምፖ ዴ ፊዮሪና ምሳ

ካምፖ ዴ ፊዮሪ አምስት ደቂቃ ነው። ከእሑድ በቀር ጠዋት ጠዋት የአትክልት ገበያ አለ። ዛሬ ዛሬ ግን አብዛኛው ለቱሪስት የሚሸጥ ቅመምና ፓስታ ሆኗል። መሃሉ ላይ የቆመው ሐውልት የፈላስፋው ጆርዳኖ ብሩኖ ነው፤ በ1600 በእምነት ክስ እዚህ ተቃጠለ። ከዚያ በላርጎ ዲ ቶሬ አርጀንቲና በኩል እለፉ። ዩልዮስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 የተገደለበት ፍርስራሽ ከመንገዱ ላይ ሆኖ ይታያል። ዛሬ የድመቶች መጠለያም አለው።

ምሳ ከ6፡30 (12:30) ጀምሮ ነው። ብቻችሁን ስትሆኑ በጣም የሚመቸው ፒዛ አል ታልዮ ነው፤ በኪሎ ተመዝኖ የሚሸጥ ፒዛ። ምን ያህል እንደምትፈልጉ በእጃችሁ አሳዩ፣ ይቆርጣል፣ ይመዝናል፣ ያሞቃል። ጾም ከሆነ ፒዛ ሮሳ ወይም ማሪናራ በሉ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ነው፤ አይብ የለውም። ማሪናራው ላይ አንዳንዴ ዓሣ ስለሚጨምሩ ግን ጠይቁ።

መቀመጥ ከፈለጋችሁ ወደ አይሁድ ሠፈር ሂዱ። እዚያ ሙሉውን በዘይት የተጠበሰ አርቲቾክ የሚባል አትክልት አለ፤ ቅጠሉ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ይህም የጾም ነው። ኮሸር ምግብ ቤቶችም እዚሁ ናቸው፤ ቅዳሜ ይዘጋሉ። ከእስራኤል የምትመጡ ይህን አስቡበት። ሠፈሩ በ1555 በጳጳስ ትእዛዝ በግንብ የታጠረ ነበር። ጥቅምት 16 ቀን 1943 ናዚዎች ከሺህ በላይ አይሁዶችን ከሮም ለቅመው ወሰዱ። በየበሩ ፊት መሬት ላይ ስም የተጻፈባቸው ትናንሽ የነሐስ ድንጋዮች ታያላችሁ። እያንዳንዱ ከዚያ ቤት የተወሰደ ሰው ነው።

ሒሳብ ሲመጣ ኮፔርቶ የሚል ካያችሁ የመቀመጫ ክፍያ ነው። ጉርሻ ግዴታ አይደለም።

6. ፒያሳ ቬኔትሲያ፣ ካምፒዶሊዮ፣ ፎረም

ከምሳ በኋላ ወደ ፒያሳ ቬኔትሲያ ውጡ። ግዙፉን ነጭ ሕንጻ ሁሉም ፎቶ ያነሳዋል። እናንተ ግን ፊታችሁን ወደ ፓላትሶ ቬኔትሲያ፣ ወደ ቡናማው ሕንጻ አዙሩ። ትንሿን በረንዳ ፈልጉ። ሙሶሊኒ በጥቅምት 1935 ኢትዮጵያን መውረሩን ያወጀው፣ በግንቦት 1936 ደግሞ ኢጣሊያ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሆናለች ብሎ የፎከረው ከዚያች በረንዳ ላይ ነው። ሥሯ ቆማችሁ ያንን ዘመን ያለፉትን አያቶቻችሁን አስቡ።

ከነጩ ሕንጻ ጎን ያለውን ሰፊ ደረጃ ውጡ። ካምፒዶሊዮ ነው፤ አደባባዩን የነደፈው ሚኬላንጄሎ ነው። የ1960ው ኦሎምፒክ ማራቶን የተነሳው ከዚህ ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ በግራም በቀኝም ብትዞሩ ፎረሙን ከላይ የምታዩበት ቦታ አለ። ነጻ ነው፤ መክፈል ለማይፈልግ ሰው ይህ ብቻ ይበቃል።

8 ሰዓት (14:00) ላይ በቪያ ዴይ ፎሪ ኢምፔሪያሊ በኩል ፎረሙ ውስጥ ግቡ። ሁሉንም ፍርስራሽ ለመለየት አትድከሙ። ቪያ ሳክራ የተባለውን ጥንታዊ መንገድ ተከትላችሁ እስከ ቲቶ ቅስት ድረስ ሂዱ። ቅስቱ ውስጥ ወታደሮች የኢየሩሳሌምን መቅደስ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ተሸክመው ሲሄዱ ተቀርጿል። በ70 ዓ.ም. መቅደሱ ሲፈርስ የተዘረፈው ነው። አንድ ሰዓት ከሩብ ለፎረሙ ይበቃል። ፓላቲን ኮረብታ ላይ የምትወጡት ጉልበትና ጊዜ ካላችሁ ብቻ ነው።

7. ኮሎሲየም፣ 9፡30 (15:30)

አሥራ አምስት ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። የጸጥታ ፍተሻ አለ። ትልቅ ሻንጣና የብርጭቆ ጠርሙስ አያስገቡም። ውጭ ላይ «ያለ ሰልፍ ላስገባህ» የሚሉ ደላሎችና የሮማ ወታደር ልብስ ለብሰው ፎቶ ካነሱ በኋላ ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። ቲኬት በእጃችሁ ነው፤ ከማንም ጋር ጉዳይ የላችሁም።

ግንባታው በቬስፓሲያን ዘመን ተጀምሮ በ80 ዓ.ም. ልጁ ቲቶ መረቀው። 50 ሺህ ገደማ ሰው ይይዝ ነበር። ከመግባታችሁ በፊት በሰሜን በኩል ያሉትን ቅስቶች ቀና ብላችሁ እዩ። የሮማ ቁጥር ተቀርጾባቸዋል። ተመልካቹ ያንን ከመግቢያው ጋር እያመሳከረ ነበር የሚገባው፤ ልክ እንደ ዛሬ ስታዲየም። ውስጥ ወደ ታች ስታዩ አብዛኛው ወለል የለም። የምታዩት ግድግዳ አውሬዎቹና ሰዎቹ ተራቸውን የሚጠብቁበት ምድር ቤት ነው። አንበሶቹን ከአፍሪካ ያመጧቸው ነበር። ሰውም እንስሳም ለመዝናኛ የሚሞትበት ቤት እንደነበረ ሳይረሱ መጎብኘት ይገባል።

8. አበበ የሮጠበት መንገድ

ከኮሎሲየም ስትወጡ አጠገቡ ያለው ትልቅ ቅስት የቆስጠንጢኖስ ነው፤ በ315 የቆመ። መስከረም 10 ቀን 1960 ማታ፣ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን የጨረሰው እዚህ ነው። ሰዓቱ 2፡15፡16 ነበር፤ የዓለም ፈጣን ሰዓት። ቀኑ በእኛ ጳጉሜን 5፣ 1952 ነው። ሩጫው ሲያልቅ አገር ቤት የአዲስ ዓመት ዋዜማ ምሽት ነበር።

ጀርባችሁን ለኮሎሲየም ሰጥታችሁ ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮን ይዛችሁ ውረዱ። አበበ በተቃራኒው ወደ ቅስቱ የሮጠበት የመጨረሻው መንገድ ነው። ግድግዳው ላይ የሃምሳኛ ዓመት መታሰቢያ ጽሑፉን ፈልጉ። በ2010 ለመታሰቢያው በተደረገው የሮም ማራቶን ያሸነፈው ሲራጅ ገና መጨረሻው ላይ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ነው የገባው። እዚህ ላይ ቸኩላችሁ አትለፉ። ቀኑን ሙሉ የተጓዛችሁት እዚህ ለመድረስ ነው።

መንገዱ ሲያልቅ ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ነው። ከ1937 ጀምሮ ተዘርፎ የመጣው የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚህ ነበር። ከጀርባው ያለው ትልቅ ሕንጻ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ተብሎ የታሰበ ሲሆን ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ዋና መሥሪያ ቤት ነው። አበበ የሞሮኮውን ራዲን ጥሎ የሄደው እዚህ ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው። ሐውልቱ በ2005 በሦስት ቁራጭ በአውሮፕላን ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ ቆመ። አሁን በቦታው የምታዩት ሁለት አጫጭር ዓምዶች ናቸው፤ በመስከረም 11 ቀን 2001 ኒው ዮርክ ለሞቱት መታሰቢያ የቆሙ። ስለ አክሱም ለሚጠይቋችሁ ጎብኚዎች ታሪኩን ንገሯቸው። ብዙዎቹ አያውቁትም።

9. መመለሻ

ቺርኮ ማሲሞ የሚባለው የሜትሮ ለ (B) መስመር ጣቢያ አጠገባችሁ ነው። ሬቢቢያ ወይም ዮንዮ የሚለውን አቅጣጫ ያዙ፤ ሦስተኛው ፌርማታ ተርሚኒ ነው። ጣቢያው አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። ከአንድ ቀን የብቻ ጉዞ በኋላ እንጀራ ፊት መቀመጥና በአማርኛ ወይም በትግርኛ «እንደምን አመሻችሁ» መባል ያሳርፋል። ከከተማው ኗሪዎች ምክር የምታገኙትም እዚያ ነው። ማታ ስትወጡ መብራት ባለው መንገድ ሂዱ፤ ስልክ ይዛችሁ ካርታ እያያችሁ አትራመዱ። መንገዱን ከመነሳታችሁ በፊት ምግብ ቤቱ ውስጥ ሆናችሁ እዩት።

ሌላ ጠዋት ካላችሁ

ያን ጊዜ ቫቲካን ሂዱ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የተባለች ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለች። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳት ማረፊያ ነበረች። አባ ተስፋ ጽዮን በ1548ና 49 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳተሙት ሮም ነው፤ አባ ጎርጎርዮስም ጀርመናዊውን የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍን ያገኙት እዚሁ ከተማ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ በቫቲካን አጥር ውስጥ ስለሆነች እንደ ልብ አይገባባትም። ነገር ግን የቅዱስ ጴጥሮስን ጉልላት ብትወጡ የአትክልት ቦታውንና እዚያ ያለውን የኢትዮጵያ ኮሌጅ ከላይ ታያላችሁ። ደረጃው 551 ነው፤ በአሳንሰር ብትጀምሩም 320 ይቀራችኋል። ጉልላቱ ከጠዋቱ 1፡30 (7:30) ላይ ሲከፈት ድረሱ። ረቡዕ ጠዋት ጳጳሱ አደባባዩ ላይ ሕዝብ ስለሚቀበሉ ሌላ ቀን ምረጡ።